የሬዲዮኑ መርፌ

ቅዳሜ ጠዋት ጽጌሬዳ ቤቱን ጠረገች፣ ለአባቷ ሻይ አፈላች፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ያልደረቀውን ልብስ በረንዳው ላይ ሰቀለች። አባቷ አቶ ባየ ኮፍያውን ደፍቶ አማን ከተማ ወዳለው የቡና መጋዘን ሊሄድ ወጣ። እንደ ልማዱ ከበሩ ተመልሶ ሬዲዮኑ በጨርቅ መሸፈኑን አየ።

ሬዲዮኑ ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል። በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ በውስጡ የመስታወት አምፖሎች የተደረደሩበት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠግነው ኖሯል። አንዱን ሲያበጀው የሚዛን ከተማ እርጥበት ሌላውን ያዝገዋል። አንድ አምፖል ከጅማ እስኪመጣ ክረምቱ አልፏል። ሲከፈት መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ የሰው ድምፅ የሚመጣው አምፖሎቹ ከሞቁ በኋላ ነው።

የቀረው ጉድለት ጣቢያ የሚጠቁመው መርፌ ነበር። ከክሩ ወልቆ፣ አባቷ ለአዲስ አበባ ጣቢያ ምልክት ብሎ በቀይ ባሰመረበት ቦታ ላይ ቆሟል። ቁልፉ ሲዞር ጣቢያው ይለወጣል፤ መርፌው ግን ንቅንቅ አይልም። አባቷ ሰልችቶት የተወው መሰላት።

በጆንያ መስፊያ ክር አሰረችው። ባትሪውን አገናኝታ አዲስ አበባን ፈለገችና መርፌውን ቀዩ ጭረት ላይ አስተካከለችው። ከዚያም ዕቃውን እንዳዘባረቀችበት እንዳይመስለው፣ ቁልፉን ትናንት ማታ ትቶት ወደነበረበት መለሰች። መርፌው ተንሸራቶ ዳር ላይ ቆመ፤ ባትሪውን መልሳ ነቀለችው።

አባቷ ለምሳ ሲመጣ ጨርቁን ገለጠችለት።

«አባባ፣ ተመልከት! ይራመዳል!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሰው አይቶታል?»

«ማንም። ምነው?»

«ጽጌ፣ ያ መርፌ መሠራት አልነበረበትም።»

አባቷ በየማታው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለምን ጆሮውን ሣጥኑ ላይ እንደሚለጥፍ ያኔ ገባት። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነበር። ከድንበር ማዶ የሚነገረውን ያዳመጠ ይወሰዳል። የጎረቤታቸው የመምህር ጴጥሮስ ቤት እንደተቆለፈ ነው። የማይነቃነቅ መርፌ ግን የሚሰማውን ጣቢያ አያሳብቅም።

አባቷ እጁን ወደ ቁልፉ ሲዘረጋ በሩ ላይ ሳል ተሰማ። የቀበሌው ጓድ ኃይለሚካኤል ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ያለበትን ቤት እየዞረ መርፌ ያያል።

«ባየ፣ ይህቺ አሮጊትህ ዛሬም አላረፈችም?» አለ እየሳቀ። ጎንበስ ብሎ መርፌውን አየ። ሳቁ ቆመ። «መንገድ ጀመረች እንዴ?»

«እኔ ነኝ የጠገንኳት፣ ጓድ» አለች ጽጌሬዳ ፈጥና። «ዳር ድረስ መሄዷን ልሞክር ብዬ ነው።»

«አንቺ? ኢንጂነር ሆነሻላ!» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ ክፈቻት። ቁልፉን እንዳትነኪ። እዚሁ ያለው ምን እንደሚል አብረን እንስማ።»

አባቷ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከድንበር ማዶ የሚመጣው የቀትር ስርጭት ተጀምሯል።

ባትሪው መሬት ላይ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተነቅለዋል። «ቀዩን ከቀዩ» ብሎ አባቷ ስንቴ አስጠንቅቋታል። ከተገላበጠ ውስጡ ይቃጠላል፤ መለዋወጫም ከእንግዲህ ከጅማም አይገኝም። ጽጌሬዳ ተንበረከከች። ቀና ስትል አባቷ እጆቿን እያየ ነበር።

ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ አሰረች።

ሬዲዮኑ አንዴ አጉረመረመ። ውስጡ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ከሣጥኑ ጀርባ ጭስ ወጣ።

«ምን አደረግሽ አንቺ!» ጓድ ኃይለሚካኤል ከወንበሩ ዘለለ።

«ተገላብጦብኝ ነው።»

እሷን አየ፤ ቀጥሎ አባቷን። «ሰኞ ጠዋት ቀበሌ እንገናኝ፣ ባየ» ብሎ ወጣ።

ማምሻውን እንደ ልማዱ ዘነበ። አባቷ ወንበሩን ሬዲዮኑ አጠገብ አስጠግቶ ተቀመጠ። ጽጌሬዳ የጆንያውን ክር በመቀስ ቆርጣ መርፌውን ቀዩ ጭረት ላይ መለሰችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የንብ ቀፎው ድምፅ የለም።