ደረቅ ጨርቅ

አብረኸት ጠዋት መጋዘን ስትገባ ከሁሉ በፊት እጇን ታደርቃለች። ከዳሎል ምድር ሥር በመሰርሰሪያ የሚወጣው ጨው ክንድ የሚያህል ረጅም ዘንግ ነው፤ ውሃ ከነካው ይሟሟል። ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ትጠርገዋለች፣ በፕላስቲክ ትጠቀልለዋለች፣ በእንጨት ሳጥን ታጋድመዋለች፤ ከዚያ ሌላውን ታነሳለች። እርጥበት እንዳይገባ መስኮቶቹ በሸራ ስለተሸፈኑ መጋዘኑ በቀትርም ጨለማ ነው። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ ትከሻዋ ላይ ይቀመጣል፣ የጨው ብናኝ ጉሮሮዋን ይፍቀዋል፣ ወገቧም ገና ሳይረፍድ እንደ አሮጌ በር መንቋቋት ይጀምራል።

የምትኖረው ለአንድ ልጇ ነው። ሰናይት ጂኦሎጂስት ናት፤ ለሙከራ በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ፣ ከምድር በታች ትሠራለች። አንድ ጠዋት አብረኸት ሹሩባ እየሠራችላት ስለ ጨው ጠየቀቻት።

«ባሕር ደርቆ የተኛ ነው፣ እማ። ነጭ፣ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ቀጭን የጭቃ መስመር። ያኔ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ነበር፤ ኋላ ከላዩ ሲከብደው እንደ ሊጥ እየፈሰሰ ታጠፈ።»

«ድንጋይ ይፈሳል እንዴ?»

«ጨው ይፈሳል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። የእኛም ዋሻ እኮ ይጠባል፤ እየጠረብን እናሰፋዋለን። አይ እማ፣ አታጥብቂው!»

ይህን እንደ ዋዛ ነበር የተናገረችው። አብረኸት ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አላገኘችም፤ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ነጩ ግድግዳ ሳይቸኩል፣ ድምፅም ሳያሰማ፣ ወደ ልጇ ሲጠጋ ይታያታል።

«ዛሬ ብትቀሪስ?» ትላታለች በየጠዋቱ።

«ደግሞ ጀመረሽ! ወሩ ይለቅና አብረን መቀሌ እንገባለን አልኩሽ።»

ከዋሻው ግድግዳ የተሰረሰረ አንድ ዘንግ መጣ። በውስጡ የሚታዩት መስመሮች ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ይህን በደንብ ታስታውሳለች፣ ጠርጋ የጠቀለለችው እሷ ናትና። በማግስቱ ሳጥኑን ስትከፍት ግን መሐል ላይ ረገብ ብለዋል። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብላ ዘጋችው። በሌላ ቀን ይበልጥ ጎብጠው አገኘቻቸው፤ ዘንጉ ከውጭ ያው ክብ ዘንግ ነው፣ ሲነካም ያው ለስላሳ፤ የሚንቀሳቀሰው ውስጡ ነው። ሳጥኑ ውስጥ አንዳች ነገር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ዝም ይልና እንደገና ጠቅ።

በር ላይ የተቀመጡትን ዘበኛ ጠራቻቸው። «ጋሽ ሁመድ፣ ይሰማዎታል?»

«ጨው ሲሞቅ ይጮኻል። እኔ እዚሁ ጨው ላይ ነው ያረጀሁት። አንቺ እኮ ደመና ካየሽ ሰማይ ወደቀ የምትዪ ሴት ነሽ!»

«እዚህ ደመና የት አለና?»

«እሱን ብታጪ አይደል ወደ ጨው የዞርሽው!» ብለው ሳቁ። አብረኸትም ከድካሟ ብዛት አብራቸው ሳቀች።

ዛሬ ሳጥኑን ስትከፍት ከጨው ሽታ ጋር ሌላ ሽታ መጣ፤ የፀጉር ቅባት፣ የሰናይት ቅባት። ዘንጉን በር ድረስ ይዛ ወጥታ ብርሃኑ ላይ አዞረችው። ጥቁሩ የጭቃ መስመር ለሦስት ተከፍሎ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ ሥር ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሹሩባ ነው። ወደ ግራ ያደላል። አብረኸት የቀኝ አውራ ጣቷን ስለሚያማት ግራውን አጥብቃ ትጎነጉናለች፤ በዚህ ዓለም እንደዚያ አጣሞ የሚሠራ እጅ የእሷ ብቻ ነው።

አንድ የላብ ጠብታ ከአገጯ ወርዶ፣ ሹሩባው ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አረፈ። ጨው የሚሟሟ መሆኑን ረስታ በእርጥብ ጣቷ ጠረገችው፤ የጣቷን ጫፍ የምታህል ጎድጓዳ ወጣች። ጠቅ ጠቅ ይል የነበረውም ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ፀጥ አለ።

ዘንጉን ጥላ ወደ ዋሻው አፍ ሮጠች። «ልጄን አውጡልኝ!» ብላ ጮኸች፤ እዚያ የቆሙት ወጣት ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ። ከውስጥ ቀዝቃዛ፣ ጨው ጨው የሚል አየር ይተነፍሳል። ፈረቃቸው ያለቀ ሰዎች አንድ በአንድ፣ ፊታቸው በብናኝ ነጥቶ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሰናይት ከሁሉም ኋላ ነበረች።

«መጣሁ፣ እማ።»

አብረኸት አቅፋ ሳመቻት፤ ከንፈሯ ላይ ጨው ቀረ። ከዚያ ለሠራተኞቹ የተቀመጠውን የውሃ ጄሪካን አንስታ መዳፏ ላይ ውሃ ቀዳች፣ በሌላው እጇ የልጇን ቆብ አወለቀች። ግንባሯ ላይ፣ ከፀጉሯ መነሻ ትንሽ ዝቅ ብሎ የጣት ጫፍ የምታህል ጎድጓዳ አለች፤ ደም የለባት፣ ቁስል አትመስል፣ ለስላሳ ናት።

እርጥቡ መዳፍ ሲቀርባት ሰናይት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«በውሃ አይሆንም፣ እማ» አለቻት በቀስታ፤ «በደረቅ ጨርቅ ጥረጊኝ።»