ሰባተኛው ፖስታ

«ሰባት ቁጥር ላይ ግራ ገብቶኛል፤» አሉ ዶክተር ኤልሳቤጥ፣ ጠመኔውን በጣታቸው እያንከባለሉ።

ሸጌ አቀርቅራ ደብተሯ ላይ የዛሬውን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ጻፈች።

ዶክተሯ ከአዲስ አበባ የመጡት፣ መርዛማ ጭስ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት ነው። የሸጌ አገር ብልባላ ላይ አያ አረጋ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየከፈቱ እርሳሱን ያቀልጣሉ፤ ጭሱም ሳይጋበዝ በየቤቱ ይገባል። ከሁለት ወር በፊት የላሊበላው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ከብልባላ ሕፃናት ፀጉር እየቆረጡ በፖስታ ሰበሰቡ። አሥራ ሁለት ቤት የሸጌ ድርሻ ነበር።

«እርሳስ የሕፃን አእምሮና ሆድ ይጎዳል፤ ሰውነት ውስጥ ከገባም ፀጉር ላይ ይቀራል። ፀጉር ያየውን አይረሳም፤» ብለዋቸው ነበር ዶክተሯ ያኔ።

አሁን ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «ወደ ማቅለጫው በቀረብን ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ሰባት ቁጥር ግን ከማቅለጫው ጋር አጥር ለአጥር ሆኖ ከሁሉም ንጹሕ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ! እንዲህ ከሆነ ጭሱን ጥፋተኛ ማለት ይከብደኛል። ነገ የማስገባው ሪፖርት ላይም ይህንኑ እጽፋለሁ።»

«ዶክተር፣ እንዲያውም ጭሱ ሳያጠነክር አይቀርም!» አለ ታፈረ። የአያ አረጋ ልጅ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሸጌ አልሳቀችም። ሰባት ቁጥር ታናሽ ወንድሟ አዳም ነው።

እናቷ አሰለች ያን ቀን መቀሱን ስታይ ልጁን ወደ ጉያዋ ሸጉጣ፣ «ፀጉርና ጥፍር ለማያውቁት ሰው አይሰጥም! ምን እንደሚያደርግበት በምን ይታወቃል?» አለች። ራሷ ስትላጨው እንኳ ፀጉሩን አንድ ሳታስቀር ለቅማ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፋለች። ሸጌ ደግሞ ባዶ ፖስታ ይዞ መመለስ አሳፈራት። ከጓሮ ዞራ ከራሷ ማጅራት ቆረጠችና «አዳም፣ 6 ዓመት» ብላ ጻፈችበት። አንድ እናት፣ አንድ አባት፤ ፀጉሩ ከየት ይለያል ብላ።

እሷ ግን ለትምህርት ስትል ላሊበላ ቤት ተከራይታ ሁለት ዓመቷ ነው። ጭሱ ኪራይ ቤት ድረስ አይከተልም።

አዳም አምና ፊደል እስከ «ሰ» ይዘልቅ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ «ሐ» ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኗን አያት። ያመጣችለትን ከረሜላ እንኳ «ሆዴን» ብሎ መለሰላት።

ደወል ተደወለ።

«ነይ እንጂ! ወንበሩ ላይ ተጣበቅሽ እንዴ?» አለ ታፈረ።

«ሂድ፣ እመጣለሁ።»

ከመስኮቱ ውጭ ስልክ ሲደውል ሰማችው። «አባዬ! ጭሱ ነፃ ወጣ! አዎ፣ ዶክተሯ ራሳቸው ናቸው ያሉት!»

ሸጌ ወደ ሰሌዳው ሄደች።

«ዶክተር... አንዱ ፖስታ ውሸት ቢሆን፣ ሰብሳቢው ያመጣቸው ሌሎቹም ይጣላሉ?»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁሉም እንደገና ይሰበሰባሉ። የትኛው ነው?»

«የወንድሜ ነው፤ ሰባት ቁጥር፤» አለች። ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ፀጉሯን ወደ ላይ ሰበሰበች። ማጅራቷ ላይ ገና ጣት ያልሞላው አዲስ ፀጉር እንደ ታጨደ ማሳ ቆሟል።

ከኋላዋ የዳስተር ድምፅ መጣ። ዞር ስትል የሰባት ቁጥር መስመር ባዶ ሆኗል።

«ሪፖርቱ ይቆያል፤» አሉ ዶክተሯ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ አላባበለምም። «ከሌሎቹ ቤቶች ጋር የልጁም ፀጉር ያስፈልገኛል። እናትሽ ይፈቅዳሉ?»

«አትፈቅድም።»

የግድግዳው ስንጥቅ ትዝ አላት። በሁለት ጣት መዘዝ፣ ማንም ሳያይ ፖስታ ውስጥ። አንዴ የለመደ እጅ አይጠፋበትም።

«ቅዳሜ ብልባላ ይምጡ፤» አለች። «ራስዎ ይጠይቋት። እኔ አርብ ቀድሜ እሄዳለሁ።»

«ቀድመሽ ምን ልታደርጊ?»

ሸጌ ፀጉሯን ለቀቀችው። «ማጅራቴን ላሳያት።»