ገጽ ስልሳ አንድ

«ከየት ላይ ነበር ያቆምነው?» አሉ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ።

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለች ልጃቸው ውዳሴ፣ መጽሐፉን ገና ሳትከፍተው። ቁጥሩን በቃሏ የያዘችው ወድዳው እንዳይመስላችሁ። እስረኛ ቀኑን እንደሚቆጥር ነው የምትቆጥረው። ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ገጽ ይቀራል፤ በዚህ አካሄዳቸው የካቲት ሳይገባ አያልቅም።

አባቷ ጋቢያቸውን ደርበው ከቤቱ ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከአጥሩ ማዶ ሰዎች ሩዝ ይወቃሉ፤ የእብቁ ብናኝ እስከ ግቢው እየመጣ የውዳሴን ጉሮሮ ይከረክራታል። እሷ ግን ታነባለች። ገጽ መቶ ላይ የታመመችው የነጋዴው ሚስት እስካሁን አልጋ ላይ ናት። አትድን፣ አትሞት። ደራሲው የመጋረጃዋን ቀለም ብቻ ሦስት ገጽ ጽፎላታል።

መጽሐፉ የወንድሟ የኃይለ ሚካኤል ነበር።

ኃይለ ሚካኤል ልጅ ሳለ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ ይማር ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ጾመ ድጓውን ከመሃል ትቶ፣ ወረታ ከተማ ሄዶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። ያን ቀን መሪጌታ፣ ተማሪዎቻቸው ሁሉ እየሰሙ፣ «እኔ ጀምሮ የሚተው ልጅ የለኝም» አሉ። ኋላ ታረቁ፤ ወይም የታረቁ መሰሉ። ልጁ አድጎ ደብረ ታቦር መምህርነት መማር ጀመረ። ለበዓል ሲመጣ የአባቱን ጉልበት ይስማል፣ አባቱም ይመርቁታል። ያችን ቃል ግን ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉአት። ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ገና ሳይሸሽ፣ ወባ በአምስት ቀን ወሰደው።

አርባው ከወጣ በኋላ ሻንጣው ተከፈተ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ቻርጀርና ይህ ወፍራም መጽሐፍ ነበሩበት። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ አንዲት የሩዝ አገዳ ተሰክታለች። መሪጌታ መጽሐፉን በእጃቸው ዳበሱት፤ አገዳዋን ነክተው ብዙ ቆዩ።

«ይህንም አልጨረሰው» አሉ በመጨረሻ። «ውዳሴ፣ እኛ እንጨርስለት።»

እንዴት ብላ እምቢ ትበል? አገዳዋን ከቦታዋ ሳታነሳ ከገጽ አንድ ጀመረችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ ከፍታ አታውቅም። በየሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ሁለት መጽሐፍ የምትዋሰው ልጅ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር ስታነብ ተይዛ ወላጅ አምጪ የተባለችው ልጅ፣ አሁን ፊደል ስታይ ይደክማታል። ይህ ነገር በጣም ያስፈራታል። ወንድሟ ሄዷል፤ ንባቡም ተከትሎት ሊሄድ ነው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ይህንኑ ለጓደኛዋ ለትሕትና ነገረቻት። ትሕትና የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመች ሰማቻት።

«አንች ደግሞ ታካብጃለሽ» አለች። «ዝለይው በቃ። ሠላሳ፣ አርባ ገጽ ብትዘይ ማን ያይሻል?»

«ኃጢአት አይሆንም?»

«ዳዊት አደረግሽው እንዴ? ልቦለድ እኮ ነው። ደግሞ አይነቃብሽም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ውዳሴ አርባ ገጽ ዘለለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። አንዱን ገጽ አንብባ ሁለተኛውን ጀመረች።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ።

ቆመች።

«ትናንት ሠራተኛዋ የጓዳውን ቁልፍ ጉድጓድ ውስጥ ጥላዋለች። ዛሬ ጓዳውን በምን ከፈቱት?»

ውዳሴ ክው አለች። አባቷ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚሉ ሰው ናቸው። አሥር ተማሪ አንድ ላይ ሲያዜም አንዲት የዜማ ምልክት የዘለለውን ለይተው በስሙ ይጠሩታል። እኚህን ሰው ነበር ልታታልል የተነሳችው።

«ዘልዬ ነው» አለች።

«ስንት?»

«አርባ ገጽ።»

«ለምን?»

ዓይኔን ደክሞኝ ነው ልትል አስባ ነበር። ለእሳቸው እንዲህ ያለ ምክንያት ማቅረብ አሳፈራት።

«አልወደድሁትም፣ አባባ። ከመጀመሪያውም አልወደድሁትም፤ ስልችት ብሎኛል። ለኃይሌ ብዬ ነበር የማነበው። አሁን ግን እሱን ሳስብ ይሄ መጽሐፍ ነው የሚመጣብኝ። እንዲህ ከቀጠልን እሱንም ልጠላው ነው።» እንባዋ መጣ።

ከአጥሩ ማዶ የሩዝ ወቂዎቹ ዱላ ድምፅ ይሰማል። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጭኝ እስቲ።»

መጽሐፉን ሰጠቻቸው። በጣታቸው ጠርዙን ተከትለው አገዳዋን አገኟት። ከእሷ በፊት ያለውን ስስ ወረቀት፣ ከእሷ በኋላ ያለውን ወፍራም ክምር ለየብቻ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉት።

«እዚህ ላይ ምን ነበር የሚለው?»

ውዳሴ አሰበች። «ነጋዴው ስለ መጋዘኑ ጣራ ያወራል። ስድስት ገጽ ሙሉ።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ከጉሮሯቸው ወጥቶ ወዲያው ጠፋ። «እኔንም ያን ዕለት እንቅልፍ ይዞኝ ነበር» አሉ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ይፈራኝ ነበር፤ ታውቂያለሽ? ወረታ ሲሄድ ያችን የዳዊት ማኅደሩን እንኳ አልወሰዳትም። እያለቀሰ ነው የወጣ። ‹ይሁን ልጄ፣ ሂድ› ብዬ ብሸኘው ምን ነበረበት?»

ማንን እንደሚጠይቁ አይታወቅም።

«ከተወበት ላይ ይቀመጥ» ብለው መጽሐፉን መለሱላት።

ውዳሴ ወደ ቤት ገባች። መጽሐፉን ከወንድሟ ፎቶ ሥር፣ ሣጥኑ ላይ አኖረችው። አገዳዋ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ እንዳለች ጫፏ ወጥቶ ይታያል። ነገ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። አንድ መጽሐፍ ትዋሳለች፤ ካልጣማት ሳምንት ሳትጠብቅ ትመልሰዋለች። ይህን ለወንድሜ እነግረዋለሁ ብላ ቀለል ሊላት ሲል፣ የሚሰማት እንደሌለ ትዝ አላት። እዚያው ቆማ አለቀሰች።

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ ያዜማሉ። ጾመ ድጓ ነው፤ የሁዳዴ ዜማ፣ ያለ ወሩ። አጠገባቸው ተቀመጠች። ሩዝ ወቂዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ስለነበር የእሳቸው ድምፅ ብቻ ቀርቷል። ቀስ እያሉ፣ አንዲት ምልክት ሳይስቱ ሄዱ ሄዱና ከቃሉ መሃል ላይ ቀጥ አሉ።

«እዚህ ላይ ነበር የተወው» አሉ።

ውዳሴ ቀጥሉ አላለቻቸውም።