የአሯሯጩ የመጨረሻ ማለዳ

የወንዶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ፍጻሜ ሊካሄድ ዘጠኝ ሰዓት ሲቀረው፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ሯጮች እግራቸውን በሚያቀዘቅዙበት የበረዶ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና ወለሉ ላይ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ከመናገር ማየት የሚቀናት ሴት ናት። እጅጌዋን ሰብስባ ከገንዳው አንድ የበረዶ ቁራጭ አወጣችና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ገና ስለት ነበረው። ክፍሉን ግን በግድግዳው የሚያልፉት የሙቅ ውሃ ቧንቧዎች እንደ ምድጃ አግለውታል። ከገንዳው ሦስት እርምጃ ርቆ ባለው አግዳሚ ወንበር የብረት ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀጭን የደም መስመር አየች።

«ማጅራቱ ተፈንክቷል» አለ ሐኪሙ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አፉ ላይ ያለው አረፋ ግን የሰመጠ ሰው አረፋ ነው። ውሃው ውስጥ ሲገባ ይተነፍስ ነበር።»

«ለጊዜው ለማንም እንዳትናገር።»

ሟቹን «አሯሯጩ» ነበር የሚሉት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለቡድኑ የሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ነፋሱን በደረቱ እየከፈለ እስከ መጨረሻው ዙር ደወል ይመራል፣ ከዚያ ሌላው አልፎት ያሸንፋል። ሜዳሊያ ሲጠለቅ እሱ አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቃል። መርማሪዋ መኝታ ክፍሉን ከፍታ አየች። ሁለት አልጋ አለ፤ አንደኛውን የተኛበት የለም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሽማግሌውን ወጌሻ ነበር።

«ገንዳውን አንድ ሰዓት ላይ አዘጋጀሁ» አላት። «የተረፈውን በረዶ ከነማቀዝቀዣ ሣጥኑ በሩ ሥር ትቼ ወጣሁ። ከሁለት እስከ ሦስት ‹ጥይቱ› የምንለውን ልጅ እግር ሳሽ ቆየሁ። ከዚያ ስወርድ... ምን ልበልሽ ልጄ!»

«ሲገባ አላዩትም?»

«እሱ መቼ ሲገባ ሲወጣ ይታያል ብለሽ! ‹አለሁ› ማለት እንኳ የሚያፍር ሰው ነበር።»

«ጥይቱ» የቡድኑ ፈጣን ሯጭ ነው፤ አሯሯጩ የሚመራው ለእሱ ነበር። ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል።

«ዛሬ ቁርስ ላይ ‹ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ፤ ዛሬ ለራሴ ነው የምሮጠው› አለኝ።»

«ከዚያ በፊት ብሎህ ያውቃል?»

«በጭራሽ። ሲያስብበት አድሮ መወሰኑ ነው። ‹ካንተ ሌላ የሰማ የለም፤ አሁን ለጋሼ ልነግረው ነው› ብሎ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሳ።»

«አንተስ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። በቀጥታ ወጌሻው ጋ ሄድኩ።» ጥይቱ አንገቱን ደፋ። «ተናድጄ ዝም አልኩት። ‹ይቅናህ› ብለው ምን ነበረበት?»

ጋሼ የሚሉትን አሰልጣኝ በረንዳው ላይ አገኘችው። የሩጫ ሰዓቱ እንደ ወትሮው ከአንገቱ ተንጠልጥሏል።

«ከትናንት እራት ወዲህ አላየሁትም» አለ። «ምን ዋጋ አለው! ስንት ዓመት ለሰው ሮጦ፣ ለራሴ ልሩጥ ባለ ቀን ቅዝቃዜው ልቡን ቀጥ አደረገው።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

ሰዓቱን አንስቶ አየና መልሶ ለቀቀው። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ ነበር።

«ላብ ገብቶበት ነው» አላት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ከሐኪሙ ጋር ባዶው ምግብ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«በዚያ ሙቀት፣ አንድ ሰዓት ላይ የገባ በረዶ ሦስት ሰዓት ላይ ስለት አይኖረውም» ብላ ጀመረች። «ሌላ ሰው በኋላ ጨምሮበታል። ደሙ ያለው ደግሞ አግዳሚው ላይ ነው። ማጅራቱ የተፈነከተ ሰው ሦስት እርምጃ ሄዶ ገንዳ ውስጥ አይተኛም። ያስተኛው ሰው ብርዱ የገደለው እንዲመስል በረዶውን ደፋበት።»

«ማን?» አለ ጥይቱ።

«አንተና ወጌሻው አብራችሁ ነበራችሁ።» ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «እርስዎ ከትናንት እራት ወዲህ አላየሁትም ብለውኛል። ለራሱ ለመሮጥ የወሰነው ግን ዛሬ ነው፤ የሰማውም ጥይቱ ብቻ ነው። ማን ነገረዎት?»

አሰልጣኙ እጁን ወደ ሩጫ ሰዓቱ ሰደደ።

«ራሱ ነግሮዎታል። ያ ሰዓት በላብ የሚበላሽ ቢሆን እስካሁን ስንቴ በተበላሸ! ሰውን አቅፈው ወደ ገንዳው ሲያጎነብሱ ውሃው ውስጥ ጠልቋል።»

አሰልጣኙ ሰዓቱን በጭብጡ ያዘ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ጠዋት ሊንደው ሲል ደሜ ፈላ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ደጋግሜ ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ሞቷል ብዬ ነው የከተትኩት።»

«አልሞተም ነበር» አለ ሐኪሙ። «ሰው ቢጠሩለት ኖሮ...»

መርማሪዋ ከማኅደሯ አንድ ቅጽ አውጥታ አሰልጣኙ ፊት አኖረች። «ቤተሰቡን ማርዳት አለብኝ። በተጠሪነት ያስመዘገበው ግን አንድ ስም ብቻ ነው።»

ስሙ የአሰልጣኙ ነበር። አሰልጣኙ ባይወልደውም፣ «ዝምድና» በሚለው ቦታ አሯሯጩ በራሱ እጅ «አባት» ብሎ ጽፏል።

አሰልጣኙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጥይቱ ብድግ አለ።

«ለእኔ ይንገሩኝ። ወንድሙ ነኝ።»

መርማሪዋም ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ወንድምህ ሞቷል» አለችው።

ጥይቱ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኾ አለቀሰ።