የተገለበጠው ጥለት

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ምስክር ጥራ ብትሉኝ ሁለት ነበሩኝ፤ አንዱ ተቀብሯል፣ አንዷ ስሜን አታነሳም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ጥቅምት ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት። ቦታው ላሊበላ፣ የተከራየኋት ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ።

ከአልጋችን ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ... አንዲት ቢምቢ ተቀምጣለች።

ቆላ ላላችሁ ምንም አይደለም። ላሊበላ ግን ብርድ ነው፤ ቢምቢ አይወጣውም። የወባ ሠራተኛ ነበርኩና ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ሆዷ ግማሹ በደም ጠቁሯል፣ ግማሹ ዕንቁላል ይዞ ነጥቷል።

በብልቃጥ ያዝኳት።

ከላሊበላ ግማሽ ቀን ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ አንዲት መንደር አለች። አሥራ ሰባት ቤት ናት። ባልደረባዬ ፈንታው እዚያ እየኖረ ቢምቢ ይይዛል፤ እኔ ላሊበላ ሆኜ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። የቢምቢዋን የዕንቁላል ከረጢት አውጥቼ፣ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ በሁለት መስታወት መሃል ስጫነው የዘሯ ክር ይታያል። እንደ ነጠላ ጥለት መስመር በመስመር ነው።

የአንዷ ጥለት ከሌላዋ ይለያል። የትኛዋ በመድኃኒት እንደምትሞት፣ የትኛዋ እንደምታመልጥ ከዚያ እንማራለን።

አንድ ጥለት ግን ከአንድ ቤት በቀር የትም አላየንም። ሦስት ቀጫጭን መስመሮች፣ የኋላው ወደ ፊት የተገለበጡ። ቤቱ አሥራ ሰባተኛው ነው፤ ፈንታው የሚያድርበት።

ያቺን የራስጌዬን ቢምቢ ከፈትኳት።

ሦስቱ መስመሮች... የኋላው ወደ ፊት ነበሩ።

ከዚያ ቤት እዚህ በሰው ልብስ ካልሆነ በምን ትመጣለች?

ለሚስቴ ለይማርሽ ቀድሞ ሽማግሌ የላከው ፈንታው ነው። አባቷ መሪጌታ፣ «ቅኔ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ትዳር አይጨርስም» ብለው መለሱትና ለእኔ ዳሯት። እኔ ስቀልድ ፈገግ ትላለች። እሱ ሲቀልድ ግን እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ይህን ስቆጥር ነበር የኖርኩት።

«ማን መጥቶ ነበር?» አልኳት።

«ማንም።»

«ፈንታውስ?»

«ማክሰኞ ብልቃጥ አድርሶ ከደጅ ተመለሰ። ምነው?»

«ከደጅ?»

«ከደጅ አልኩህ እኮ! ምን ነክቶሃል አንተ?»

ሰው ይዋሻል፤ ጥለት አይዋሽም አልኩ በልቤ።

በሳምንቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን ይዤ ወረድኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ፈንታው ደጃፉ ላይ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ባቱን ገልጦ፣ የመስታወት ቱቦ ባፉ ይዞ ተቀምጧል። ቢምቢ ስታርፍበት መጥጦ ይይዛታል። የሥራችን ማጥመጃ የገዛ ሥጋችን ነው። ለዚህም በየሳምንቱ የወባ መከላከያ ክኒን እንውጣለን። ክኒኑ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው።

«ጓድ ሙሉሃብት!» አለኝ። «ክኒኔንስ?»

«አልመጣም። አልላኩልንም።»

«በል እንግዲህ፣ እኔን በልተው ሲጨርሱ ተራው ያንተ ነው!» ብሎ ሳቀ። «ይማርሽ ደኅና ናት?»

ቤቴ፣ ሳጥኔ ውስጥ፣ ሙሉ ጣሳ ክኒን ነበር።

ስሟን ባይጠራ ኖሮ ውሸቴን እተወው ነበር... እንጃ።

ሦስት ሳምንት «አልመጣም» አልኩት። በአራተኛው ንዳድ ጣለው።

ስደርስ መደብ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። በደጃፉ መቃን ላይ በቀይ ቀለም ፲፯ ተጽፏል። የቤቶቹን ቁጥር የሚጽፈው እሱ ነው፤ የቅኔ ተማሪ ስለነበር በግዕዝ አኃዝ። የታችኛዋን ሰረዝ ሁልጊዜ ያስረዝማታል።

«ሙሉ... ቀለሙን አቀብለኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«አንድ ቤት ይቀረኛል።»

«አሥራ ሰባቱንም ጽፈሃል። አሥራ ስምንተኛ የለም።»

«አለ» አለ። ዓይኑን አልገለጠም። ጣቱ አየሩ ላይ ይጽፍ ነበር።

በማግስቱ ቀበርነው።

ለይማርሽ ስነግራት መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋ አንጨረጨረኝ።

«ይህ ሁሉ ለእሱ ነው?»

«ወንድም አይደል? ለማን ላልቅስ?»

«ከልብሱ ወርዳ ራስጌሽ ያደረችውን ቢምቢ የማላውቅ መሰለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«የቷ ቢምቢ? ጋቢህን ሳራግፍ የወጣችዋ?»

«የቱ ጋቢ?»

«ከቆላ ለብሰኸው የመጣኸው ነዋ! አንተው አይደለህ እዚያ አድረህ የመጣኸው?»

እውነት ነው። ቢምቢዋን በያዝኩበት ሳምንት አሥራ ሰባተኛው ቤት አድሬያለሁ። ፈንታው አልጋውን ለቆልኝ እሱ መደብ ላይ ተኛ። የሰው ልብስ ስጠረጥር የራሴን ጋቢ ረሳሁት።

ይማርሽ ተነሥታ ሳጥኔን ከፈተች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ...

«ክኒን አልመጣም ብለኸው ነበር?»

«አ... አዎ።»

«ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጣሳ ሙሉ ነው፣ ሙሉሃብት።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። አባቷ ቤት ገባች፤ አልተመለሰችም።

በፈንታው ቦታ የተተካው ሰው ብልቃጥ ይልክልኝ ጀመር። የአንደኛውን ቤት አየሁ። ሦስቱ መስመሮች የኋላው ወደ ፊት። የአምስተኛውን... የኋላው ወደ ፊት። የአሥራ ሁለተኛውን...

ሁሉም አንድ ጥለት። አንድም የተለየች የለችም። እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም። ቢምቢ እንደ ሰው ናት፤ መንደር ሙሉ አንድ መልክ አይኖራትም።

ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ ገባ። ውርጩ በጠዋት ሣሩን ያነጣዋል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከሥራ ገብቼ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ያንኑ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ።

የነቃሁት በድምፅ ነው። ቀጭን... እንደ ክር የቀጠነ...

ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ አሥራ አንድ።

ራስጌዬ ላይ አንዲት ቢምቢ። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ በላይ... ግድግዳው አይታይም።

አንዷም አልነከሰችኝም። ባቴ ከጋቢው ወጥቶ ተገልጧል፤ አላረፉበትም።

የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። የቀለም ሽታ።

ቀስ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። መቀርቀሪያው እንዳደረግሁት ነው። አልተነካም።

ከሳንቃው ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቀይ ቀለም ገና ሳይደርቅ ወደ መሬት ይንጠባጠባል።

፲፰

የታችኛዋ ሰረዝ ረዝማለች።