አባቴ የለመነኝ ጥቁር ድንጋይ

ይህን ስነግራችሁ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። ፈጠራ ነው የሚል ካለ መንገዱን አሳየዋለሁ፤ መጥቶ ያሽትተው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ! ቦታው እዚሁ ቺሌ፣ የኛው የዓሣ አጥማጆች መንደር...

ሁለት ዓይነት ገደል አለን። ቢጫው ሸክላ ነው፤ ማዕበሉ ከሥሩ ይቦረቡረውና ከላይ ይናዳል። ጥቁሩ ድንጋይ ግን ንቅንቅ አይልም። ቢጫው ግራና ቀኙን እየተበላ ሲሸሽ፣ እሱ ብቻውን ባሕሩ ውስጥ ተገትሮ ቀርቷል።

እኛ ጅሎቹ ታዲያ ሰው የምንቀብረው ቢጫው ላይ ነው። ለምን? አካፋ ስለሚገባው!

አባቴ ዶን አቤሊኖ ሊሞት ሲል እጄን ያዘ።

«ዴሊያ... ጥቁሩ ውስጥ ቅበሩኝ። ባሕሩ እንዲበላኝ አልፈልግም።»

«እሺ አባዬ» አልኩት።

ዋሸሁት። ጥቁሩን ስንቆፍር ሁለት ዶማ ተሰበረብን፤ ሰለቸንና ቢጫው ላይ ቀበርነው።

ዘንድሮ ገደሉ ተንዶ ተንዶ መቃብሩ ጠርዝ ላይ ቀረ። አንድ ማዕበል ከመጣ አባቴ የለም። ከወንድሜ ከኖልቤርቶ ጋር ልናወጣው ሄድን።

ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ኖልቤርቶ ከገደሉ ሥር ፒዩሬ ቆርጦ መጣ። ፒዩሬ ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ትንሽ አፍ ያለው ቀይ ሥጋ ነው። ጥሬውን በሎሚ እንበላዋለን።

«ከመቃብር ሥር የበቀለ? ኤጭ!»

«ጠግበሻል መሰለኝ! ብዪ ባክሽ፣ በባዶ ሆድ አይቆፈርም።»

አንዱን ዋጥኩ። ሁለተኛውን ስነክስ... ቀጭ አለ።

ተፋሁት።

ጥፍር ነው። ወፍራም፣ መሃሉን የተሰነጠቀ የአውራ ጣት ጥፍር።

የአባቴን አውራ ጣት መልህቅ ሰንጥቆት ነበር። ያንን ስንጥቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትኩ። የዋጥኩት እምቢ አለ፤ አልወጣም።

«ዝም በይና ቆፍሪ...» አለ ኖልቤርቶ በሹክሹክታ።

የሳጥኑ ክዳን ደህና ነው። ምስማሩ አልተነካም። ከፈትነው። የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ፊታችንን መታን።

ባዶ።

ወለሉ ተበስቷል። ከሥሩ ጠባብ ጉድጓድ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

«ባሕሩ ነው የቦረቦረው...»

«ባሕር ከውስጥ ይቧጥጣል እንዴ? ጣውላውን እየው!»

ኖልቤርቶ የጥፍር ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰ።

ከጠርዙ ቁልቁል ስናይ፣ አሸዋው ላይ ቀይ ዝልግልግ መስመር ተጎትቷል... ወደ ጥቁሩ ድንጋይ።

ወርደን ተከተልነው።

ዶማዎቻችን የተሰበሩበት ቦታ ላይ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሯል። ጠርዙ ላይ ጥፍሮች ተሰክተዋል። ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ ናቸው።

ውስጡ ፒዩሬ ሞልቷል... በሰው ቅርጽ ተጋድሞ። ቀያይ አፎቹ ይከፈታሉ... ይዘጋሉ...

ተንበረከክሁ። አሥረኛውን ጥፍር ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይቅር በለኝ አባዬ...»

አፎቹ ሁሉ ባንዴ ወደ እኔ ዞሩ። ተከፈቱ።

ሆዴ ውስጥም አንድ ነገር ተከፈተ... ተዘጋ።