የጽድ እና የባሕር ዛፍ ድርድር

ዳርቱ ኤጀታ የሳይበር ደኅንነት ፖሊሲውን ረቂቅ ያነበበችው ከኮተቤ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ሚስጥራዊ ሰነድ በሕዝብ መጓጓዣ ውስጥ ማንበብ ክልክል መሆኑን የሚደነግገው ያው ረቂቅ ራሱ ነው። እሷ ግን ገና እዚያ አንቀጽ ላይ አልደረሰችም ነበር።

«ሦስተኛው አንቀጽ ልክ አይደለም» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ወጣት።

ወረቀቱን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ምን አገባህ ማለት ነበረባት።

«ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?» አለች።

«ጥቃቱ ከአንድ አገር ኮምፒውተር መጣ ማለት አገሩ ላከው ማለት አይደለም። ድንጋይ ከአጥር ማዶ ስለመጣ ባለአጥሩ ነው የወረወረው ትያለሽ?»

«እንደ ጎረቤቱ ነው።»

ሳቀ። መገናኛ ወረዱ፤ በአንድ አቅጣጫ ሄዱ፤ በአንድ በር ገቡ። ፊልሞና ይባላል። ከእሷ ቢሮ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ጥቃት ሲደርስ ከሚጠሩት መሐንዲሶች አንዱ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ብዙም ሳይቆይ ተቀየረ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ምክንያት «ሰፊ ምክክር» የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ ምክክሩ ይበልጥ ሰፋ። በምሳ ሰዓት እሱ ሌባ በኔትወርክ እንዴት ሾልኮ እንደሚገባ ይነግራታል። እሷ ደግሞ አገሮች ስለ ወንዝና ስለ ድንበር ብቻ ሳይሆን ስለ ኮምፒውተርም መልእክተኛ መላላክ እንደጀመሩ፣ የእሷም የሳይበር ድርድር ክፍል በአንድ ጠረጴዛና በአንድ የተሰበረ ወንበር ተጀምሮ ዛሬ ለስብሰባ ቦታ እንደጠበበው ትነግረዋለች። ስታወራ ዓይኗ ይበራል። እሱ ያንን ብርሃን ለማየት ሲል አንዳንዴ የሚያውቀውንም ይጠይቃታል።

መባል ያለበት ግን አልተባለም። የዳርቱ አባት አቶ ኤጀታ፣ ድሮ የካ ተራራ ሥር ገብስ ያርሱ የነበሩ፣ አሁን ክፍሎች የሚያከራዩ ሰው ናቸው፤ በየወሩ ነጠላቸውን ለብሰው እንጦጦ ራጉኤል ይወጣሉ። የፊልሞና እናት ወይዘሮ ጵርስቅላ ደግሞ ኮተቤ በሚገኝ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ይመራሉ። ፊልሞና ቀኑን ሙሉ የኔትወርክ ቀዳዳ ሲደፍን የሚውል ሰው ነው። በዚህ አጥር ላይ ግን ቀዳዳ ቢፈልግ አጣ፤ ስለዚህ ዝም አለ።

ሐሙስ ማታ አባቷ ጠሯት።

«እሑድ የኤቢሳ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ጠይቀዋል» አሉ። ኤቢሳ ሰፈር ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ሰው ሁሉ ጨዋ የሚለው ልጅ ነው። «ካልፈለግሽ ነገ እስከ ማታ ንገሪኝ። ሽማግሌ ደጄ ድረስ አስመጥቼ ባዶውን አልመልስም። ዝም ካልሽ እሺ ብለሻል ማለት ነው።» ትንሽ ቆዩና፣ «ሌላ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ምን ትበል? አለ፤ ግን እሱ ራሱ ገና አልነገረኝም ትበል?

ዓርብ ደግሞ የልምምዱ ቀን ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሳይበር ድርድር ልምምድ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። ከጎረቤት አገሮች ታዛቢዎች መጥተዋል። ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ መሐል ያለው የሥልጠና ማዕከል ታጥቧል፣ ተጠርጓል፣ ባንዲራ ተሰቅሎበታል። ዳርቱ ይህን ቀን ስትመኝ ኖራለች። በዚያ ላይ የአባቷ ቀነ ገደብ አለ። ልቧ በአንድ ቀን ሁለት ሥራ ይዞ እየሮጠ ነበር።

ማንም አገር ቅር እንዳይለው ተብሎ ለልምምዱ ሁለት አገሮች ተፈጠሩ፤ ጽድ እና ባሕር ዛፍ። የጽድ መብራት በሳይበር ጥቃት ይጠፋል። ጥቃቱ የመጣው ባሕር ዛፍ ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ ይደራደራሉ። የጽድ ዋና ተደራዳሪ ዳርቱ ናት። የባሕር ዛፉ ተደራዳሪ ጉንፋን ስለያዘው ቦታውን ለፊልሞና ሰጡት።

ሁለቱ ቡድኖች በየክፍላቸው ይቀመጣሉ፤ በአካል መገናኘት ክልክል ነው። ስልካቸውን በር ላይ አስረክበዋል። መነጋገሪያቸው ፊልሞና ራሱ የሠራው የመልእክት መለዋወጫ ብቻ ነው። አንድ የልምምድ መልእክት አምልጦ ወጥቶ አገር እንዳያስደነግጥ ተብሎ፣ በእያንዳንዱ መልእክት አናት ላይ «ይህ ልምምድ ነው፤ እውነት አይደለም» የሚል ጽሑፍ በራሱ ጊዜ ይለጠፋል። ጠዋት በተደረገው ገለጻ ፊልሞና፣ ጽሑፉን እሱ ራሱም እንኳ ሊያነሳው እንደማይችል በኩራት ተናገረ። ተጨበጨበለት።

በሻይ ሰዓት የዳርቱ የቢሮ ጓደኛ አሳየች፣ ዕጣ ባሕር ዛፍ ቡድን ውስጥ የጣላት፣ ፊልሞናን ጥግ ይዛ የእሑዱንም የዛሬ ማታውንም ነገረችው።

«አንተ እዚህ ኬክ ብላ» አለችው። «ልጅቷን ሊወስዷት ነው።»

ፊልሞና ኬኩን አስቀመጠ። ስልክ የለም። መገናኘት ክልክል ነው። ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

በጽድ ክፍል ስክሪን ላይ መልእክት ብቅ አለ።

«ይህ ልምምድ ነው፤ እውነት አይደለም። ከባሕር ዛፍ ለጽድ። የእሑዶቹን እንግዶች አትቀበሉ። ባሕር ዛፍ ጽድን ትወዳለች። ከቆየ ቆይቷል፤ መናገር ፈርታ ነው።»

የጽድ የሕግ አማካሪ የሆነው ቀጀላ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«እሑድ የሚባል ነገር መመሪያው ላይ የለም» አለ። «ሦስተኛ አገር ገብቷል ማለት ነው።»

የታዛቢዎቹ ክፍል ሞቀ። መልእክቶቹ ሁሉ እነሱም ዘንድ ይታያሉ። አንዱ ታዛቢ፣ ጽድ እሑድ ዕለት ከማይታወቅ ኃይል ጋር የጦር ቃል ኪዳን ልትፈርም መሆኑን በሰፊው ጻፈ። የልምምዱ መሪ ወይዘሮ ሩታ መልእክቱን አነበቡ፤ ጣሪያውን አዩ፤ «ይቀጥል» አሉ።

የዳርቱ ዓይን ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። «ትወዳለች» የሚለው ቃል «እውነት አይደለም» ከሚለው ሥር ተቀምጧል። ፊልሞና ቀልደኛ ነው። ቀልድ ከሆነ ለአባቷ ምን ልትል ነው? እውነት ከሆነስና እሷ ዝም ካለች? ዝምታዋ ማታ ላይ ለኤቢሳ እሺታ ሆኖ ይደርሳል።

«በጽኑ እናወግዛለን ብለን እንመልስ» አለ ቀጀላ።

«አናወግዝም። እንጠይቃለን።» እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጽድ መልእክቱ ደርሷታል። ከባሕር ዛፍ ምድር መምጣቱ ብቻ ግን ባሕር ዛፍ ላከችው አያሰኝም። ላኪው ማንነቱን ያረጋግጥ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ይህ ልምምድ ነው፤ እውነት አይደለም። ላኪው ታክሲ ውስጥ ሦስተኛውን አንቀጽ ያረመው ነው።»

«ታክሲ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ቀጀላ።

«የይለፍ ቃል ይሆናል» አለች ዳርቱ። ጉንጯ ግሏል።

ላኪው ታወቀ። ሐሳቡ ነው ያልታወቀው። በሙያዋም የከበደው ሁልጊዜ ይኸኛው ነው። ከላይ ያለው ጽሑፍ እንዲነሳ ጠየቀች።

«ይህ ልምምድ ነው፤ እውነት አይደለም። ማንሳት አይቻልም። የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።»

ብድግ አለች። ቀጀላ ወዴት ነው ሳይላት ወይዘሮ ሩታ ክፍል ደርሳለች። ከባሕር ዛፍ ተወካይ ጋር በአካል መነጋገር እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ደንቡ እንደማይፈቅድ ነገሯት።

«እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ፣ እውነተኛው ስምምነት አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ኮሪደር ላይ ነው የሚደረገው ያሉን?»

ወይዘሮ ሩታ ታዛቢዎቹን አዩ። ታዛቢዎቹ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ።

«ኮሪደር ተፈቅዷል» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ስመክር የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ ዛሬ ገና ነው። ሂጂ» አሏት።

ማዕከሉ ኮሪደር የለውም። በሮቹ በቀጥታ ወደ ዛፎቹ ይከፈታሉ። ፊልሞና ግማሽ እየሮጠ መጣ፤ አጠገቧ ሊደርስ ሲል የቀረውን መንገድ ረሳው። ከታች የካ በቆርቆሮ ጣሪያዋ ታብለጨልጫለች። ነፋሱ ቅጠሉን ያንሾካሹካል። ያ ወሬ የማያልቅበት ሰው ቆሞ ጫማውን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ጫማውን።

«እዚህ አናትህ ላይ ምንም አይለጠፍም» አለች። «ተናገር።»

«ፈራሁ።»

«ምንን?»

«አባትሽን። እናቴን። ከዚህ ላይ ያለውን ራጉኤልን ሳይቀር። ባለፈው ወር ጥምቀተ ባሕሩን ሳልፍ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው።»

«እኔንስ?»

ቀና አለ። ዓይኑ አልሸሸም። «አንቺን ከሁሉም በላይ። ዳርቱ፣ እወድሻለሁ። አልቀለድኩም።»

እሷ በሚገባ የተጠና መልስ ነበራት፤ መግቢያ ያለው፣ ታሳቢዎች ያሉት። ሁሉም ጠፋባት።

«እኔም» አለች።

በድርድር አዳራሽ አንድ ሳምንት የሚፈጅ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ እጁ እጇን አገኘ። ማን ቀድሞ እንደዘረጋ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ቀጀላ በበሩ ብቅ አለ። «ተስማማን ወይስ አልተስማማንም? መብራታችን እንደጠፋ ነው።»

«በመርህ ደረጃ» አለች ዳርቱ።

ልምምዱ የሚያልቀው ከመሸ ነው፤ አባቷ ደግሞ ከመምሸቱ በፊት መልስ ይፈልጋሉ። ወደ ዋናው በር ሮጡ። ስልኮቹ ተቆልፎባቸዋል። ራጉኤልን ሳይሳለሙ ሥራ የማይገቡት ጥበቃው ጋሽ ዘነበ ግን ካሜራም ኢንተርኔትም የሌላት ትንሽ ስልክ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። መመሪያው እንዲህ ያለውን ስልክ ረስቶታል። መመሪያውን ካረቀቁት አንዷ ዳርቱ ስለሆነች ክፍተቱን ሰኞ ለማመልከት በልቧ ያዘች፤ ከዚያ ደወለች።

«አባ፣ የኤቢሳን ሰዎች እንዳይመጡ ንገራቸው።»

«ሌላ ሰው አለ ማለት ነው» አሉ።

«አለ።»

«ነግሮሻል?»

«አሁን ነገረኝ።»

«የየት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው?»

ፊልሞናን አየችው። ሌላ ቀን እነግርሃለሁ ማለት ትችል ነበር። «ጴንጤ ነው፣ አባ።»

 ፊልሞና አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን መታወቂያ አወለቀ፤ ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት መልሶ አጠለቀ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ አባቷ በመጨረሻ። ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡም ሲሳሱላትም የሚጠሯት በዚሁ ስለሆነ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ነገሩ ከባድ ነው። እናትሽ ታለቅሳለች። እኔም እቆጣለሁ። ግን ሽማግሌ ይላክ። ካልመጡ ከማን ጋር ነው የምንጣላው?»

«መቼ ይምጡ?»

«እሑድ ክፍት ሆነ አይደል?»

ስልኩ ተዘጋ። ዳርቱ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። አባቷ ያሉትን ስትነግረው ፊልሞና መጀመሪያ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ደነገጠ።

«ከነገ ወዲያ? ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ? ፓስተራችንን አልልክ። አጎቴ አለ፤ እሱም ሲናደድ ይንተባተባል። ራጉኤል የሚሳለም ሰው፣ አባትሽ የሚሰሙት...»

ጋሽ ዘነበ ስልካቸውን ጠርገው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የሰሙትን እንዳልሰሙ ለመምሰል አንዳች ጥረት አላደረጉም።

«እሑድ ተረኛ አይደለሁም» አሉ።